ለቤተ ሰብ የሚሆን የመዋኛ ገንዳ ስለ መምረጥ

ቤት የሚያሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ስለ መሠረቱና ስለ ጣራው ያስባል፤ ቀጥሎም ስለ መስኮቱ፥ ስለ ወለሉና ስለ ግቢው አጥር ይጨነቃል። የመዋኛ ገንዳ ግን ከቤቱ ጌጥ እንጂ ከቤቱ አካል ስለማይቈጠር፥ ሐሳቡ የሚመጣው ዘግይቶ፥ ምርጫውም የሚደረገው ብዙ ጊዜ ሥዕል በማየት ብቻ ነው። ዳሩ ግን በሥዕሉ ላይ ሰማያዊ ሆኖ የሚያምረው ውኃ ከየት እንደሚመጣ፥ በምን እንደሚጠራ፥ በማን እንደሚጠበቅ፥ በመጨረሻም ወዴት እንደሚፈስ ሥዕሉ አይናገርም። በዚህ ዘመን በውጭ አገር የሚኖሩ ልጆች ለወላጆቻቸው ቤት ሲያሠሩ ገንዳም እንዲጨመር የሚጠይቁበት ጊዜ ስላለ፥ በቤተ ሰባችን የተደረገው ምርምር ለአባቶችና ለእመቤቶች ይጠቅም ይሆናል ብለን እንደሚከተለው ጽፈነዋል።

ታላቅ ወንድማችን የሚኖሩት በምሥራቅ ጎጃም፥ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ በምትገኘው በሉማሜ ከተማ ነው። ወንድ ልጃቸው በአሜሪካ አገር ሠርቶ በላከው ገንዘብ የቀድሞው የጭቃ ቤት ፈርሶ ሰፊ የድንጋይ ቤት ተሠራላቸው። ቤቱ ካለቀ በኋላ ልጁ፥ «ልጆቼን ይዤ ስመጣ፥ የእኅቶቼም ልጆች ሲሰበሰቡ፥ የሚዋኙበት ገንዳ በጓሮው ይሠራልን፤ ወጪውን እኔ እችላለሁ» ብሎ የአራት ዐይነት ገንዳ ሥዕል በስልክ ላከ። ወንድማችንም ከግንበኛው ጋር የሚያደርጉትን ውል እንድናዘጋጅላቸው አስጠሩን፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ስለ ሆንን በቤተ ሰባችን ዘንድ ውል የሚባል ነገር ሁሉ በእጃችን ያልፋልና ነው።

ቡና ተፈልቶ ነገሩ ሲነሣ ግን የቤቱ ሐሳብ አንድ እንዳልሆነ ተገለጠ። ወንድማችን፥ «ልጄ ይህን ያሰበው እኛን ደስ ለማሰኘት ነው፤ እምቢ ብንለው ይከፋዋል። አንተ የሕግ ሰው ነህና የሚበጀውን ዐይነት መርጠህ ጻፍልን» አሉ። ባለቤታቸው ግን፥ «ገንዳው ሞልቶ ሳለ የጎረቤት ጀሪካን በቦኖው ሥር ባዶውን ከተሰለፈ፥ እኔ በዚያ ውኃ ዳር መቀመጥ አይሆንልኝም» ሲሉ መለሱ። እናታችንም ከተቀመጡበት ቀና ብለው፥ «ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል፤ ይህ ቤት የሕፃናት ቤት ነው። ማን ቁጭ ብሎ ሊጠብቀው ነው?» ብለው ጠየቁ። ሦስቱም እውነት ተናግረዋል፤ ስለዚህ ውሉን ከመጻፋችን በፊት ለሦስቱም የሚሆን መልስ መፈለግ ግድ ሆነብን።

በመጀመሪያ በአገራችን ስማቸው የታወቀ መዋኛዎችና መታጠቢያዎች እንዴት እንደ ተመሠረቱ መመልከት ይገባል። በጎንደር ከተማ በዐፄ ፋሲለደስ ስም የሚጠራው ታላቁ የውኃ ገንዳ፥ ከዓመት እስከ ዓመት ሞልቶ የሚቀመጥ አይደለም፤ የጥምቀት በዓል ሲቃረብ ከቀሃ ወንዝ ውኃ በቦይ ተመርቶ ይገባበታል፤ በዓሉም ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። አዲስ አበባም በ1879 ዓ.ም. በእቴጌ ጣይቱ አሳሳቢነት ስትቈረቈር፥ ሰዉን ወደ ሜዳው ካወረዱት ነገሮች አንዱ የፍል ውኃው መኖር ነበር። ሶደሬም በአዋሽ ዳር፥ ወንዶ ገነትም በሻሸመኔ አጠገብ፥ ከምድር የሚፈልቀውን ሙቅ ውኃ ተከትለው መዋኛ ሆኑ። በአዲስ አበባ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 የተከፈተው የሂልተን ሆቴል ገንዳም የሚሞላው በዚሁ በምድር ሙቀት በሞቀ ውኃ ነው። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ውኃው ካለበት ሥፍራ ገንዳው ተሠራ እንጂ፥ ገንዳው ከተሠራ በኋላ ውኃ አልተፈለገለትም። የገንዳ ምርጫ የመጀመሪያው ሕግ ይኸ ነው።

ወደ ሉማሜ ስንመለስ፥ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚባለው ተረት በእኛ ላይ የተነገረ ይመስላል። በስተ ሰሜን የብዙ ወንዞች እናት የሆነው የጮቄ ተራራ አለ፤ በስተ ደቡብም ዓባይ በጥልቅ ሸለቆው ይሄዳል። ነገር ግን ውኃው ከላያችን ይነሣል፥ ከሥራችንም ያልፋል እንጂ፥ በበጋ ወራት በደጃችን አይቆምም። የቧንቧ ውኃም በፈረቃ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ቦኖ ላይ የሚሰለፈው ሕዝብም ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል።

ልጁ የመረጠው ገንዳ ርዝመቱ 8 ሜትር፥ ወርዱ 4 ሜትር፥ አማካይ ጥልቀቱም 1 ሜትር ከ40 ነበር። ይህ ሲባዛ ወደ 45 ሜትር ኩብ፥ ማለት 45,000 ሊትር ገደማ ይሆናል። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢመነዘር 2,240 ጀሪካን ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ፥ ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ፥ ለገጠር ነዋሪ የታሰበው የውኃ ልክ ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ነበር። በዚህ ልክ ብናሰላው፥ ያ አንድ ገንዳ ሰባት ነፍስ ያለበትን ቤት ስምንት ወር ከመንፈቅ ያኖራል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ላይ ጽፈን ለወንድማችን ባሳየናቸው ጊዜ፥ ብዙ ሳይናገሩ ወረቀቱን ለባለቤታቸው አሻገሩላቸው።

ሕጉም ቢሆን ከእመቤቲቱ ቃል የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ደንግጎ፥ ለቤት ፍጆታ የሚውለውን ውኃ ከሌላው አገልግሎት ሁሉ ያስቀድማል። ስለዚህ ቧንቧ ከፍቶ ሌሊቱን ሙሉ ገንዳ መሙላት ከጎረቤት ጋር ቅያሜ ብቻ ሳይሆን፥ ከሕጉ መንፈስ ጋርም የሚጋጭ ነገር ነው። የቦቴ መኪና ገዝቶ ማስሞላትም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ የቦቴውም ውኃ ከአንድ የሰው ምንጭ የተቀዳ መሆኑን መርሳት አይገባም።

እንግዲህ ለማንም ያልተመደበ ውኃ የትኛው ነው ብለን ስናስብ፥ ከራሳችን ጣራ ላይ የሚወርደው ሆኖ አገኘነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 1,300 ሚሊሜትር ይደርሳል፤ አብዛኛውም የሚወርደው በክረምት ነው። በ100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ ላይ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 100 ሊትር ይሆናል። በአሸንዳው የሚፈሰውን፥ የሚተነውንና የመጀመሪያውን ቆሻሻ እጥበት ቀንሰን 80 ሊትር ብቻ ተረፈ ብንል፥ በዓመት ከ100 ሜትር ኩብ የማያንስ ውኃ ከአንድ ቤት ጣራ ይሰበሰባል። ስለዚህ የገንዳውን ልክ በሥዕሉ ሳይሆን በጣራው መለካት እንደሚገባ ተረዳን። ርዝመቱ 6 ሜትር፥ ወርዱ 3 ሜትር፥ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 ቢሆን 21,600 ሊትር ይይዛል፤ ይህንንም ለመሙላት 270 ሚሊሜትር ዝናብ ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ሳያልቁ ከጎረቤት አንዲት ጣሳ ሳይነካ ይሞላል ማለት ነው። የቀረውም የጣራ ውኃ ለሌላ አገልግሎት ይተርፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመሬቱ ጠባይ ነው። የሉማሜና የአካባቢዋ ሜዳ ነጭ ጤፍ የሚያበቅል ጥቁር ዋልካ አፈር ነው። ይህ አፈር ለገበሬ በረከት ቢሆንም ለግንበኛ ፈተና ነው፤ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፥ በጋ ሲደርቅም እግር የሚያስገባ ስንጥቅ እስኪያወጣ ድረስ ይሰበሰባል። በእንዲህ ያለ መሬት ውስጥ የተቀበረ ገንዳ በየዓመቱ ከጎን ይገፋል፥ ከሥርም ይነሣል። ከዚህም በላይ ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ባዶ ገንዳ እንደ ታንኳ መሆኑ ነው። በክረምት ዙሪያው ያለው መሬት ውኃ በጠገበ ጊዜ ገንዳውን አጥባለሁ ብሎ ባዶ የሚያደርግ ሰው፥ የምድሩ ውኃ ከሥር ገፍቶ ወለሉን ሊሰነጥቅበት፥ ቀላል የሆነውንም ገንዳ እንዳለ ሊያነሣበት ይችላል።

አሁን ወደ አራቱ ዐይነቶች እንምጣ።

አንደኛው ከኮንክሪትና ከብረት የሚገነባው ነው። ቅርጹን እንደ ፈለጉ ማድረግ ይቻላል፤ ዕድሜውም ረዥም ነው፤ ሲሚንቶውን፥ ብረቱንና ድንጋዩን የሚያውቅ ግንበኛም በየከተማው ይገኛል። ጉድለቱ ሥራው ብዙ ቀን መፍጀቱ፥ ወጪው መክበዱና በዋልካ አፈር ላይ ያለ ጥንቃቄ ከተተከለ መሰንጠቁ ነው። የተሰነጠቀ ገንዳም ውኃውን በስውር እያፈሰሰ የቤቱን መሠረት ያረጥባል።

ሁለተኛው ፋይበር ግላስ በሚባል ነገር በፋብሪካ ተሠርቶ እንደ ትልቅ ሳፋ አንድ ሆኖ የሚመጣው ነው። ውስጡ ልሙጥ ስለ ሆነ አረንጓዴ ሽበት ቶሎ አይዘውም፥ ለማጽዳትም አይከብድም። ነገር ግን ይህን የሚያኽል ነገር በመኪና ጭኖ የዓባይን በረሃ ወርዶ መውጣት፥ ከዚያም በክሬን አንሥቶ በጓሮ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከተሰበረ የሚጠግነው ባለሙያ በቅርብ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። ክብደቱም ትንሽ ስለ ሆነ፥ ከላይ የተናገርነው የክረምት ግፊት ከሁሉ ይልቅ የሚያሠጋው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጉድጓድ ተቈፍሮ ወፍራም ላስቲክ የሚነጠፍበት ነው። የዚህን ጠባይ የአገራችን ገበሬ ከማንም በፊት ያውቀዋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአማራና በትግራይ ክልል የዝናብ ውኃ ለማጠራቀም የቤተ ሰብ ኩሬ በብዛት በተቈፈረ ጊዜ ጂኦሜምብሬን የሚባለው ላስቲክ በየጓሮው ተዘርግቶ ነበርና። ርካሽ ነው፥ ቶሎም ይሠራል። ሆኖም የከብት ሰኰና፥ ሹል ድንጋይና አይጥ ይበሳዋል፤ ፀሐይም ያደርቀዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ዳርና ዳሩ ተንሸራታች መሆኑ ነው፤ የወደቀ ልጅ የሚጨብጠው ነገር አጥቶ ሊወጣ አይችልም፤ ዋና የሚያውቅ ሰው እንኳ ገመድ ካልተጣለለት ይደክማል። በእንዲህ ያለው ኩሬ ሕፃን የጠፋበትን ቤተ ሰብ ጉዳይ በሥራችን ምክንያት በጽሑፍ መዝግበን እናውቃለን፤ ስለዚህ ይህን ዐይነት ለልጆች መጫወቻ እንዲሆን ልንመክር አልቻልንም።

አራተኛው ብረት እግር ያለው፥ በመሬት ላይ የሚተከል፥ ሲበቃም ተነቅሎ የሚታጠፍ የሸራ ገንዳ ነው። ወርዱ ሦስት ሜትር ተኩል፥ ውኃውም 70 ሳንቲሜትር ቢሆን 6,700 ሊትር ገደማ ይይዛል። ለጥቂት ሳምንት እንግዳ ለሚመጣበት ቤት ከሁሉ የሚቀለው ይኸ ነው፤ መሬት አይቈፈርለትም፥ ዋልካውም አይነካውም። በኪራይ ቤት ለሚኖር ሰው ከዚህ የተሻለ አናውቅም። ለቋሚ ቤት ግን ዕድሜው አጭር ነው፤ ሜዳውም የተስተካከለ ካልሆነ ውኃው ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ ሊገለብጠው ይችላል።

እነዚህን ካመዛዘንን በኋላ የመረጥነው ከአንደኛውና ከአራተኛው የተዋሐደ ዐይነት ሆነ። ብረት ያለበት ኮንክሪት ይሁን፤ ነገር ግን አይቀበር። ዋልካው ተጠርጎ ይወጣና በምትኩ ገረጋንቲ ገብቶ ይጠቀጠቃል፤ ወለሉ ከመሬት ጥቂት ብቻ ዝቅ ይላል፤ ግድግዳው ደግሞ አንድ ሜትር ያኽል ከመሬት በላይ ይቆማል። በዙሪያው የክረምቱን ውኃ የሚያርቅ ቦይ ይቀደድለታል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፥ ከመሬት በላይ የቆመ ግድግዳ ከውጭ የሚደግፈው አፈር ስለሌለ የውኃውን ግፊት ብቻውን መሸከም እንዳለበት ነው፤ ስለዚህ ድንጋይና ጭቃ፥ ድንጋይና ሲሚንቶም ቢሆን አይበቃም፤ የብረቱን ብዛት መሐንዲስ አስልቶ ሊፈርምበት ያስፈልጋል።

ስለ ብርዱም ዝም ልንል አይገባም። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ትጠጋለች፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀትም 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሉማሜም በዚያው ደጋ ላይ ናት። ለዋና ውድድር የሚፈለገው የውኃ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። ስለዚህ ያልሞቀ የደጋ ውኃ ለሕፃን ደስታ ሳይሆን መንቀጥቀጥ ነው። ጥልቀቱን ማሳነስ ውኃው በቀን ፀሐይ ቶሎ እንዲሞቅ ይረዳል፤ ማታ ክዳን ማልበስም ሙቀቱን ያቆያል። ጥቁር ቱቦ በቆርቆሮው ላይ ዘርግቶ ውኃውን በዚያ ማዞርም ይቻላል። ከዚህ ጋር የአሜሪካ ልጆች ትምህርት ቤታቸው የሚዘጋው በሰኔ፥ በሐምሌና በነሐሴ፥ ማለት በእኛ ክረምትና ጭጋግ መሆኑን ለልጁ አስታወስነው፤ ለመዋኘት የሚመቸው ግን ከመስከረም በኋላ ባለው ፀሐያማ ወራት በእኩለ ቀን ነው። ከዝቅተኛ አገር የሚመጣ ሰውም በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ከለመደው ይልቅ ቶሎ እንደሚደክም ማወቅ ይገባዋል።

ስለ ንጽሕናው አጭር ቃል ይበቃል። የቆመ ውኃ ሕያው አይደለም፤ ማጣሪያና ፓምፕ ካላዘዋወሩት ይሸታል፥ ትንኝም ያራባል። ክሎሪን በአንድ ሊትር ውኃ ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም እንዲገኝ በየጊዜው እየተለካ ይጨመራል፤ ፀሐይ ክሎሪኑን ስለሚበላው ማታ ማታ መጨመር ይሻላል። የክሎሪን ዱቄትም ከሕፃናት እጅ ርቆ፥ ከነዳጅና ከሌላ መድኃኒት ተለይቶ፥ በደረቅ ሥፍራ ይቀመጥ። ክዳንም በሌለበት በበጋ ነፋስ በቀን አምስት ሚሊሜትር ቢተን፥ በመቶ ቀን ግማሽ ሜትር ውኃ ወደ ሰማይ ተመለሰ ማለት ነው፤ ስለዚህ ክዳን ለሙቀትም፥ ለውኃም ቁጠባ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆየነው፤ ይኸውም የእናታችን ጥያቄ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 300,000 ያኽል ሰዎች በውኃ ሰጥመው ሞተዋል፤ ወደ ሩብ የሚጠጉትም ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃናት ናቸው። ሕፃን ሲሰጥም አይጮኽም፤ ውኃው አፉን ይዘጋዋልና፥ እናቱ በሃያ እርምጃ ላይ እንጀራ እየጋገረች ሳትሰማ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ «እንሰማለን» ማለት ጥበቃ አይደለም። የቤት ገንዳ በሚበዛበት በአውስትራሊያ አገር ገንዳ ያለው ሰው ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው አጥር እንዲያጥር፥ በሩም በራሱ የሚዘጋ እንዲሆን ሕግ ያስገድደዋል። የግቢው አጥር ለዚህ አይበቃም፤ የግቢው አጥር ሌባን ይከለክላል እንጂ ከቤት ወደ ጓሮ የሚድኸውን የራስን ልጅ አይከለክልም። አጥሩ ገንዳውን ከቤቱም ጭምር በአራቱም ማዕዘን መለየት አለበት። ክዳኑም የአጥር ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ውኃ ላይ የተንሳፈፈ ክዳን ልጅ ከሥሩ ከገባ ይሸፍነዋል።

በሕግ በኩልም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፥ ያልታሰበ እንኳ ቢሆን፥ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ገንዳም በመሬት ላይ የተገነባ ነገር ስለ ሆነ ከዚህ ውጭ ነው ብሎ ማሰብ ለባለቤቱ አያዋጣውም። ነገር ግን በካሣ የሚመለስ ልጅ የለምና፥ ይህን የጻፍነው ለመፈራራት ሳይሆን አጥሩን ከገንዳው አስቀድሞ ለማስገንባት ነው።

በዚህ መሠረት ያዘጋጀነው ውል ዋና ዋና ነጥቡ ይህ ነበረ።

1ኛ፤ ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ፥ ከመሐንዲስም የተፈረመ ሥዕል ሳይገኝ መሬቱ አይነካም።

2ኛ፤ ሥራው ምርት ከገባ በኋላ በጥር ወር፥ ዋልካው ደርቆ ሳለ ይጀመራል፤ አስቀድሞ የሚቆመውም አጥሩና በራሱ የሚዘጋው በር ነው።

3ኛ፤ ገንዳው 6 በ3 ሜትር ሆኖ፥ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ከ20 ይሆናል፤ በአንድ ወገን ሰፊ ደረጃ፥ በሁሉም ወገን የእጅ መያዣ ይደረግለታል። ውኃው ለመወርወር ስለማይበቃ ዘሎ በራስ መግባት የተከለከለ መሆኑ በግድግዳው ላይ ይጻፋል።

4ኛ፤ የሚሞላው ከጣራው በአሸንዳ በሚወርድ የዝናብ ውኃ ብቻ ነው፤ ከቧንቧው ጋር የሚያገናኝ መስመር አይዘረጋለትም።

5ኛ፤ ከገንዳው የሚተርፈው የጣራ ውኃ ወደ ሮቶ ይገባል፤ የሮቶው ቧንቧም ወደ መንገዱ በኩል ወጥቶ ጎረቤት ለልብስና ለዕቃ ማጠቢያ ይቀዳበታል።

6ኛ፤ ገንዳው በክረምት ባዶ አይደረግም። በበጋ መጨረሻ ክሎሪን ማድረግ ተቋርጦ፥ ውኃው ለጥቂት ቀን በፀሐይ ከቆየ በኋላ፥ ለጎመኑ፥ ለሽንኩርቱና ለጌሾው ይለቀቃል።

ይህ ለልጁ በተላከለት ጊዜ፥ «ጋሼ፥ እኔ የላክሁላችሁ የመዋኛ ሥዕል ነበር፤ እናንተ የመለሳችሁልኝ የዝናብ ጎታ ነው» ብሎ በስልክ ሳቀብን። ቀጥሎም ዝም አለና፥ ልጆቹ በሚኖሩበት ከተማ ዋና እየተማሩ መሆናቸውን፥ የእኅቶቹ ልጆች ግን እንዳልተማሩ ተናገረ። በገንዳው ማነስ ከሚተርፈው ገንዘብ ለእነዚህ ልጆች ዋና የሚያስተምር ሰው እንዲቀጠርላቸው ራሱ አሳሰበ። የወንድማችን ባለቤት አምስተኛውን ነጥብ ሁለት ጊዜ አስነብበው ፈቀዱ። እናታችን ደግሞ ወረቀቱን ሳያዩ፥ «የበሩ ቁልፍ ከማን ጋር ይሆናል?» አሉ። እኛም ይህን ረስተን ሳይሆን ለእርሳቸው ትተነው ነበርና፥ ሰባተኛ ነጥብ ሆኖ ተጨመረ፤ ቁልፉ ከእናታችን ዘንድ ይሆናል፤ ዋና የሚችል አንድ ትልቅ ሰው በውኃው ዳር ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ቃል ሳይሰጥ ለማንም አይሰጥም፤ ያም ሰው ስልክ አያይም፥ እንግዳም አይቀበልም።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ ስለዚህ ገንዳ ለማሠራት የሚያስብ ሰው ከሥዕሉ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ፤ ውኃው የማን ነው፤ መሬቱ ምን ዐይነት ነው፤ ከበዓሉ በኋላ ውኃው ለምን ይውላል፤ በሩንስ የሚጠብቀው ማን ነው። እነዚህ አራቱ ከተመለሱ ኮንክሪትም ሆነ ፋይበር ግላስ፥ ላስቲክም ሆነ ሸራ፥ ዐይነቱ ራሱ ተመርጦ ይገኛል። ካልተመለሱ ግን እንግዳ በመጣ ጊዜ የሸራውን ገንዳ ተክሎ፥ እንግዳው ሲመለስ አጥፎ ማስቀመጥ ይሻላል፤ ልጆችም በዚያ ጉልበት በሚያኽል ውኃ መደሰታቸው አይቀርም።